የ48 ሰዓት አደራ

(ለፖሊስ ሠልጣኞች በመካነ ሰላም የተደረገ ንግግር)



ስለ ፖሊስ ሥልጣንና ስለ ወንጀል ሕግ መሠረታዊ ሐሳቦች ጥቂት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ልቤ የመጣው የንግግሩ ርእስ ሳይሆን የምናገርበት ስፍራ ነው። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰላም በስም ብቻ አይገኝም። ሰላም የሚገኘው ተበዳይ ሲጮህ ደራሽ፣ ተጠርጣሪም ሲያዝ ዳኛ ሲኖረው ነው። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ የአገሩ ስም ያምራል እንጂ የሕዝቡ ኑሮ አያምርም።

ይህ አገር በምዕራብ የዓባይ ገደል፣ በሰሜንም ከሳይንት ባሻገር የበሽሎ ሸለቆ የሚያዋስኑት ደጋ ነው። ከደሴ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከቦረናም ሆነ ከሳይንት፣ ከወግዲም ሆነ ከከለላ ወይም ከለጋምቦ የመጣችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በዓይን የሚታየው ማዶ በእግር ሲሄዱት ግማሽ ቀን ይፈጃል። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ለእናንተ ሕግ ማስተማር ለአዲስ አበባ ፖሊስ ከማስተማር በአንድ ነገር ይለያል። በከተማ ፍርድ ቤቱ ከጣቢያው አጠገብ ነው፤ በእናንተ አገር ግን በሕጉና በሕጉ አፈጻጸም መካከል መንገድ አለ።

እኔ ዛሬ የምናገረው ሐሳብ አንድ ነው። የፖሊስ ሥልጣን የፖሊሱ ሀብት አይደለም፤ መጠኑም ሰዓቱም ተቆጥሮ ከሕግ የተሰጠው አደራ ነው። ይህም አደራ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው ፍርድ ቤት በራቀበት፣ መንገድ በረዘመበት፣ ከፖሊሱና ከተያዘው ሰው በቀር ሌላ ተመልካች በሌለበት ቦታ ነው።

ይህ ሐሳብ ከውጭ አገር የመጣ አይምሰላችሁ። በአያቶቻችን ዘመን መሣሪያ ያልያዘ መንገደኛ ወይም አቅም የሌላት ባልቴት «በሕግ አምላክ!» ብለው የጮኹ እንደሆነ ጉልበተኛው ባለበት ይቆም ነበር። ያቆመው የጠሪው ጉልበት አይደለም፤ የተጠራው ስም ነው። ዛሬም ፖሊስ «ቁም!» ሲል ሰውየውን የሚያቆመው በትከሻው ያነገተው ጠመንጃ ሳይሆን ከኋላው ያለው ሕግ ሊሆን ይገባል። ጠመንጃውን ብቻ አይቶ የቆመ ሰው ጠመንጃው ዘወር ባለ ጊዜ ይሄዳልና።

ነገር ግን የጥንቱ ሁሉ ደግ ነበር ማለት አይደለም። ሌባ ለማግኘት ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ቀምመው ያጠጡትና እየተንገዳገደ ሄዶ በወደቀበት ቤት ባለቤቱን ሌባ ይሉት ነበር። ይህም ሌባ ሻይ ይባል ነበር፤ በኋላ በመንግሥት ታግዶ ቀርቷል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በተባለው ልማድ ደግሞ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀል የሠራው ሰው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከል ነበር። የአውጫጭኝ መልካም ጎኑ ነገሩ በአደባባይ፣ ሁሉ በሚሰማበት መመርመሩ ነው። ክፉ ጎኑ ግን አንዱ ለሠራው ሁሉም መታሰሩ ነው። ዛሬ ልጁ ሸሸ ተብሎ አባቱ፣ ባሏ ጠፋ ተብላ ሚስቲቱ ብትታሰር ያ የቀረው ልማድ የደንብ ልብስ ለብሶ ተመለሰ ማለት ነው። የወንጀል ኃላፊነት የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነውና፣ በልጁ ፈንታ አባቱን ማሰር ምርመራ ሳይሆን ራሱ ወንጀል ነው።

ከጥንቱ ልማድ ሁሉ ግን ዛሬ በተለይ እንድታስቡት የምፈልገው ቁራኛ የሚባለውን ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለዕዳና አበዳሪ፣ ነገራቸው በዳኛ ፊት እስኪቆረጥ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ ነበር። አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ይህ ልማድ ለሁለቱም ከባድ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ነገር ግን አንድ ጥበብ ነበረበት፤ የሰንሰለቱን ክብደት ከተያዘው ሰው ጋር ያዡም ያውቀው ነበር። ስለዚህ ከሳሹም ቢሆን ነገሩ በቶሎ ከዳኛ ፊት እንዲደርስ ይቸኩላል። ዛሬ የታሰረው ሰው ብቻውን ነው፤ በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ማን አለ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ወንጀል ሕጉ ልግባ። አገራችን በ1923 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አውጥታ ነበር። ከዚያም የስዊስ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። እርሱንም በ1996 ዓ.ም የታወጀውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ተክቶታል። ዘመኑና መንግሥቱ ቢለዋወጥም በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የማይናወጡ ሁለት ምሰሶዎች አሉ።

የመጀመሪያው ምሰሶ ሕጋዊነት ነው። ሕግ አስቀድሞ ወንጀል ነው ያላለውን ድርጊት ሹም ስለጠላው፣ ሕዝብም ስላወገዘው ወንጀል ሊሆን አይችልም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 2 ዳኛው እንኳ አንዱን ድርጊት ከሌላው ጋር አመሳስሎ አዲስ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። ዳኛው የተከለከለውን ፖሊሱ ሊፈቅድ አይችልም። ስለዚህ አንድን ሰው ከመያዛችሁ በፊት ራሳችሁን ልትጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ሰው ክፉ ነውን?» የሚል ሳይሆን «ሕጉ ይህን ድርጊት በየትኛው አንቀጽ ይከለክላል?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ በአንቀጽ 23 የተነገረው ነው። ወንጀል ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር ሦስቱም ተሟልተው ሲገኙ ነው። ሕጋዊው ድርጊቱን የሚከለክለው ድንጋጌ ነው፤ ግዙፋዊው በዓይን የሚታየው አድራጎት ነው፤ ሞራላዊው ደግሞ የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት ነው። ይህ በመጽሐፍ ሲነበብ ደረቅ ይመስላልና በበሬ ላስረዳችሁ።

ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው የሌላ ሰው በሬ እየነዱ ሲሄዱ ተገኙ እንበል። የመጀመሪያው በሬውን በሌሊት ከበረት ፈትቶ ሸጦ ሊጠቀምበት ወደ ሩቅ ገበያ የሚወስድ ነው። ሁለተኛው በሬው ከማሳው ገብቶ ሰብሉን ሲበላ አግኝቶት ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ሊያግተው ወደ ቤቱ የሚነዳ፣ ለጎረቤትም የተናገረ ነው። ሦስተኛው በመሸ ጊዜ በመልክ የሚመሳሰለውን በሬ የራሱ መስሎት የነዳ ነው። አድራጎቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሦስቱም የሰው በሬ እየነዱ ነው። በአንቀጽ 665 ሌባ የሚባለው ግን ያላግባብ ለመበልጸግ አስቦ የሌላውን ንብረት የወሰደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በሁለተኛው ዘንድ የመበልጸግ ሐሳብ የለም፤ ሦስተኛው ደግሞ በነገሩ ተሳስቷል።

እንግዲህ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሚያየው ምንድን ነው? በሬውንና ነጂውን ነው። የነጂውን ሐሳብ አያይም። ሐሳብ የሚታወቀው በምስክር፣ በማስረጃ፣ ተጠርጣሪውንም በመስማት ነው፤ መጨረሻውንም የሚቆርጠው ዳኛ ነው። ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል የሚለው መርሕ ለወንጀለኛ የተሰጠ ምሕረት አይደለም፤ የሰው ዓይን ከበሬው አልፎ ልብን ማየት እንደማይችል የታመነበት ሐቅ ነው። «ተጠርጣሪ»፣ «ተከሳሽ» እና «ወንጀለኛ» የሚሉት ሦስት ቃላትም ሦስት የተለያዩ ደጆች ናቸው። ፖሊስ በመጀመሪያው ደጅ ይቆማል፤ ዐቃቤ ሕግ ሁለተኛውን ይከፍታል፤ ሦስተኛውን የሚከፍተው ዳኛ ብቻ ነው።

በዚህ አገር ከብት የሚጠብቁት ልጆች ናቸውና ስለ እነርሱም አንድ ቃል ልጨምር። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ጥፋተኞች በተለየው ድንጋጌ ይታያል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 172 እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዛል። ለልጅ 48 ሰዓት እንኳ ብዙ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ስለ ሥልጣናችሁ እናገራለሁ። የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሥልጣኑን በደረጃ ነው የሰጠው። ብዙ ወጣት ፖሊስ ምርመራ የሚጀምረው ከካቴና ይመስለዋል። ሕጉ ግን የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ክስ ወይም አቤቱታ ሲቀርብ ይጻፋል፤ ቀን ይደረግበታል፤ ያቀረበውም ይፈርምበታል። አንድ ሰው ወንጀል ሠርቷል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው መርማሪም በአንቀጽ 25 መሠረት አስቀድሞ በጽሑፍ መጥሪያ ይጠራዋል። ተጠርቶ ካልመጣ መያዝ ይከተላል። በመሠረቱ ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይያዝም፤ ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚቻልባቸው ሁኔታዎች ግን በሕጉ ተዘርዝረዋል። ከእነዚህም አንዱ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ነው። ሌላው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ ነው።

እዚህ ላይ ለእናንተ የቀረበ አንድ ድንጋጌ አለ። ወንጀለኛው ከሸሸ በኋላ ምስክሮች ወይም ሕዝቡ ሲከተሉት፣ ወይም የድረሱልኝ ጩኸት ሲሰማ፣ ሕጉ ነገሩን እንደ እጅ ከፍንጅ ይቆጥረዋል። ከማዶ ወደ ማዶ «እሪ!» እየተባለ ሌባ የሚያዝበት የደጋው ልማድ በአንቀጽ 20 ውስጥ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጩኸቱ የመያዝ ሥልጣን ይሰጣል እንጂ የመቅጣት ሥልጣን አይሰጥም። ሕዝቡ የያዘውን ሰው ያለ መዘግየት ለፖሊስ ማስረከብ አለበት፤ ፖሊሱም የደረሰ እንደሆነ የመጀመሪያ ግዳጁ የተያዘውን ሰው ከተቆጣው ሕዝብ መጠበቅ ነው። የሚይዘው ፖሊስም ማንነቱን ይናገራል፤ ትእዛዝ ካለው ያነባል፤ የሚጠቀምበትም ኃይል ከገጠመው ተቃውሞ ጋር የተመጣጠነ ይሆናል።

ስለ ብርበራም እንዲሁ ነው። ቤት የሚበረበረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በሌላ አኳኋን ካላዘዘ በቀር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያለ ትእዛዝ መግባት የሚፈቀደው ተባርሮ የሚሸሽ ሰው ከቤት የገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ ከዚያ የጣለ እንደሆነ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ተደብቋል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠርና ትእዛዝ እስኪመጣ ከቦታው ይነሣል ተብሎ ሲታመን ነው። የተያዘውን ሰው አካል የሚፈትሽ ደግሞ በጾታ እርሱን የሚመስል መሆን አለበት። የአንዲት ገበሬ ሴት ክብር የፖሊስ ቁጥር በማነሱ ምክንያት አይቀነስም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ይመጣል። በአንቀጽ 27 የተያዘው ሰው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ የሚሰጠውም ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ይህን ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው በሲኒማ አይቶ የአሜሪካ ነው ይላል። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚራንዳ በተባለው ጉዳይ የወሰነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነው፤ የእኛ ሕግ የወጣው በ1961 ነው። አንቀጽ 31 ደግሞ ማባበልን፣ ማስፈራራትን፣ ተስፋ መስጠትንና ማንኛውንም ያልተገባ ዘዴ ይከለክላል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 423 ሰውን ያለ ሕግ የሚይዝ ወይም የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛን፣ በአንቀጽ 424 የተያዘን ሰው የሚያንገላታውን ይቀጣል። በዱላ የተገኘ ቃል ለመርማሪው ሥራ ያቀለለት ይመስለዋል። ነገር ግን በዱላ የሚገኘው ተመቺው መቺውን ደስ ያሰኛል ብሎ ያሰበው ቃል ነው፤ እውነተኛው ሌባም በዚያ መካከል ዓባይን ተሻግሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። የተያዘ ሰው በስንት ጊዜ ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስት ሕጎቻችን የተናገሩትን ጎን ለጎን አኑራችሁ እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ።

በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሕገ መንግሥት 48 ሰዓት አለ። ሰውየው የተያዘበት ቦታ ግን በእግር ብቻ የሚኬድና ከ48 ሰዓት ያላነሰ ጉዞ የሚጠይቅ የሆነ እንደሆነ ጊዜውን ለማራዘም ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሰጠ። ይህን የጻፉ ሰዎች አገራቸውን በእግርና በበቅሎ ያውቁት እንደ ነበር ከቃሉ ይታያል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 እንደገና 48 ሰዓት አለ፤ ነገር ግን የአካባቢውና የመገናኛው ሁኔታ እንደፈቀደ ከዚያ በኋላ በተቻለ ፍጥነት የሚል ሰፋ ያለ በር ተወ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ያንኑ 48 ሰዓት ጠብቆ በሩን አጠበበው። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በተገቢው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም አለ። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነውና ዛሬ የምትመሩበት ይህ ነው።

የሦስቱ ትምህርት ምንድን ነው? ጉዞው አይቆጠርም፤ መቀመጡ ግን ይቆጠራል። መኪና መጠበቅ ጉዞ አይደለም። ምስክር እስኪገኝ መቆየት ጉዞ አይደለም። አለቃ እስኪመለስ መዘግየት ጉዞ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም ቅዳሜና እሑድን ከቁጥሩ አላወጣም። አንድ ሰው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፍርድ ቤቱ የ6 ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ቢያዝ 48ቱ ሰዓት ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሞላል፤ ለጉዞው 6 ሰዓት ሲጨመር ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት ባለቤት የሌለው ሰዓት ነው፤ ፖሊሱ ከሰውየው ዕድሜ ላይ ያለ ፈቃድ የወሰደው ሰዓት ነው።

ዳኛው ፊት ሲቀርብም የምርመራ ጊዜ አስፈላጊ ከሆነ ፖሊስ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ሕጉ ምርመራውን አላቆመውም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየውን ማቆየት ካስፈለገ የሚፈቅደው ዳኛ እንጂ ያሰረው ሰው አይሁን።

ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት ስሙን በማልጠራው አንድ የገጠር ጣቢያ መርማሪ ነበርሁ። ወሩ ኅዳር፣ ጊዜው የአጨዳ ነበር። አንድ ገበሬ በሬው እንደ ጠፋበት፣ የወሰደውም በድንበር የሚጣላው ጎረቤቱ እንደ ሆነ አመለከተኝ። ዱካው ወደ ጎረቤትየው ቤት አቅጣጫ ይሄዳል አለ። መጥሪያ አልጻፍሁም። ሰውየውን በገበያ ቀን፣ በገበያው መካከል ያዝሁት፤ እውነቱን ለመናገር ትጋቴን ሕዝብ እንዲያይልኝ ነበር።

ፍርድ ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። በመጀመሪያ «ምስክሮቹ ነገ ይመጣሉ» አልሁ። ከዚያ «ነገ መኪና ይመጣል» አልሁ። ከዚያም «ሌላ እስረኛ አለ፤ ነገ አብረው ይሄዳሉ» አልሁ። በዘጠነኛው ቀን ይዤው ሄድሁ፤ በመዝገቡም ላይ የዘገየሁት «በመንገድ ርቀት ምክንያት» መሆኑን ጻፍሁ። ዳኛው መዝገቡን አንብበው የሚናገረው እንዳለው ሰውየውን ጠየቁት። እርሱም እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ። ጎሕ ሲቀድ አህያ ጭኜ ተነሥቼ ሳይመሽ እደርሳለሁ። ዘጠኝ ቀን የሚያስኬደው መንገድ በየት በኩል እንደ ሆነ ይጠይቁልኝ» አለ።

ዳኛው ወደ እኔ ተመለከቱ። መልስ አልነበረኝም። ሰውየው በዋስ ተለቀቀ። ጥቂት ቀን ቆይቶ በሬው ከወንዝ ማዶ ተገኘ፤ ከሌላ ሰው ከብት ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ ያገኘውም ሰው ባለቤቱን እያጠያየቀ ነበር። ቀደም ሲል ከነገርኋችሁ ሦስት ሰዎች ሁለተኛውን የሚመስል ሰው ነበረ፤ እኔ ያሰርሁት ግን ከሦስቱም ያልነበረውን ነው። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ያልታሰበ ዝናብ ዘንቦ ያልታጨደው ስንዴው ማሳ ላይ በቅሎ ነበር።

አስተውሉ፤ ያን ሰው አንድ ጥፊ አልመታሁትም፤ ክፉ ቃልም አልተናገርሁትም። ግፉን የሠራሁት «ነገ» በምትል አንዲት ቃል ነው። ሕጉም እጄን አላሰረውም ነበር። አንቀጽ 28 ወንጀሉ መሠራቱ ወይም የተያዘው ሰው መሥራቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ መርማሪው ራሱ በዋስትና ወረቀት ሊለቀው እንዲችል ይፈቅዳል። የጠፋ በሬ እንጂ የተሰረቀ በሬ መኖሩን እንኳ አላረጋገጥሁም ነበር። የማሰር ሥልጣኔን አውቀው ነበር፤ የመልቀቅ ሥልጣኔን ግን አላወቅሁትም። እናንተ ሁለቱንም እኩል እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

የዚህ ነገር ዋጋ በዚያ አላበቃም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው መንደር እውነተኛ ዘረፋ ተፈጸመ። ያ ሰው ዘራፊዎቹን በደጁ ሲያልፉ እንዳያቸው ሁሉ ይናገር ነበር። ለምስክርነት ጠራሁት። በትሕትና መጥቶ ቆመና፣ «ጌታዬ፣ እኔ ያየሁት የለም» አለኝ። እንዳየ አውቅ ነበር፤ ለምን እንዳላየም አውቅ ነበር። መርማሪ ትልቁ መሣሪያው ጠመንጃው ሳይሆን የሕዝቡ አፍ ነው፤ ያንን አፍ እኔው ራሴ በዘጠኝ ቀን ዘጋሁት።

ምናልባት «ዘመኑ ከባድ ነው፤ ይህ ለሰላም ጊዜ የሚሆን ትምህርት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ይህ ክልል ብዙ መከራ አይቷል፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆበት ለአሥር ወራት ያህል ጸንቶ ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 አንዳንድ መብቶች በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደቡ እንደሚችሉ ሲፈቅድ፣ በምንም ጊዜ የማይነኩትንም ለይቶ ጠቅሷል፤ ከእነዚህም አንዱ ሰውን ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ 18 ነው። እንግዲህ በጭንቅ ቀን እንኳ የማይታጠፍ ሕግ አለ። ይልቁንም ሕዝብ በሚጨነቅበት ቀን መንግሥትን የሚያየው በአቅራቢያው ባለው ፖሊስ ፊት ላይ ነው።

ስለ ሽማግሌዎችም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በወሎ ደም የተቃቡትን ማስታረቅ፣ ጉማ ማስከፈል፣ ቂምን ማብረድ ጥንታዊና የተከበረ ሥራ ነው። ፖሊስ ይህን ሥራ ሊያከብር፣ ለአስታራቂዎችም ሰላም ሊጠብቅ ይገባል። ነገር ግን እርቅ የሁለቱን ወገን ቂም ይሽራል እንጂ የግድያን ክስ አይሽርም። መዝገቡን «ታርቀዋል» ብሎ መዝጋት የፖሊስ ሥልጣን አይደለም። ሽማግሌው ስለ ነገው ሰላም ይደክማል፤ ሕጉ ስለ ትናንቱ ደም ይጠይቃል፤ ሁለቱ በየቦታቸው ሲቆሙ አገር ይረጋል።

እነሆ ወደ ቁራኛው ተመለስሁ። በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ማን አለ ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ እናንተ ናችሁ። ሰው በያዛችሁበት ሰዓት ራሳችሁም ተቆራኝታችኋል፤ ከዳኛ ፊት እስክታደርሱት ድረስ አልተፈታችሁም። ይህን እንዳትረሱ በምርመራ ማስታወሻችሁ ላይ አራት ሰዓቶችን ጻፉ። የያዛችሁበትን ሰዓት፣ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የነገራችሁበትን ሰዓት፣ ወደ ፍርድ ቤት የተነሣችሁበትን ሰዓት፣ የደረሳችሁበትንም ሰዓት ጻፉ። እነዚህን አራት ሰዓቶች በእውነት የሚጽፍ ፖሊስ ብዙ ሊሳሳት አይችልም፤ ሊጽፋቸው የሚያፍር ፖሊስ ደግሞ ስሕተቱን ራሱ አውቆታል።

ከዚህ ሥልጠና ወጥታችሁ ወደየጣቢያችሁ ስትበተኑ ብዙዎቻችሁ በረጅም መንገድ ላይ ትሄዳላችሁ። አንድ ቀን በዚያው መንገድ የተያዘ ሰው ከፊታችሁ ይሄዳል። መንገዱን እርሱ ከእናንተ ይበልጥ ያውቀዋልና ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይቆጥራል። ከእርሱ ጋር አብራችሁ ቁጠሩ።